የደጅ ዳቦ

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አሥራ ዘጠኙን ያሳለፍኩት እዚሁ መንዝ ውስጥ፣ ከቀየት ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ። ያደግኩት ከዓለም ከተማ ቁልቁል፣ ሙቀት ባለበት አገር ነው። ወደዚህ ስመደብ "ለሁለት ዓመት ብቻ ነው" ብለውኝ ነበር። በየዓመቱ የዝውውር ቅጽ እሞላለሁ፤ በየዓመቱ "ነጥብዎ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ" እባላለሁ። እኔስ እታገሣለሁ፤ ትዕግሥቱ ያለቀበት ጉልበቴ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ከእኔ ቀድሞ የሚያጉረመርመው እሱ ነው።

ይህን የማወራው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ደክሞኝ እንደነበር እንዲታወቅ ብዬ ነው። ደህና እንቅልፍ የተኛ፣ ምሳውን በሰዓቱ የበላ ሰው የማያጠፋውን ጥፋት የደከመ ሰው ያጠፋል፤ እኔ አጥፍቻለሁ። ተማሪ ላይ ጮኼ አውቃለሁ፣ ፈተና ሳላርም አሳድሬ አውቃለሁ፣ ደወል እስኪደወል በመስኮት እያየሁ ቆሜም አውቃለሁ። እነዚያን ሁሉ ረስቻቸዋለሁ። ያልረሳሁት አንዱን ነው፤ የሆነውም በአንዲት አምስት መስመር ባላት ሠንጠረዥ ላይ ነው።

በትምህርት ቤታችን ለአሥራ ሰባት ዓመት ያጸዳች ሴት ነበረች። አገሯ ጊሼ ነው፣ ከራቤል ወዲያ። በትዳር ወደዚህ መጣች፤ ባሏ ሞተባትና እዚሁ ቀረች። የምትኖረው በግቢው ውስጥ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። የክፍሎቹን ቁልፎች ሁሉ በአንድ ገመድ አስራ ትይዛለች፤ የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ ሳታይ በጣቷ ታውቀዋለች። ጠዋት እኔ ጉልበቴን እየረገምኩ ስደርስ፣ እሷ ክፍሎቹን ጠርጋ፣ ሰሌዳዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የበግ ጸጉር እየፈተለች አገኛታለሁ። "እንደምን አደሩ መምህር፣ ዛሬስ ጉልበትዎ?" ትለኛለች። ለአሥራ ሰባት ዓመት ጉልበቴን የጠየቀ ሌላ ሰው የለም።

አንድ ዓመት ከላይ ደብዳቤ መጣ። አዲስ መዋቅር ወጥቷል፤ ማንኛውም ቋሚ ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛም ቢሆን፣ የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካላቀረበ በቦታው አይመደብም ይላል። እሷ በማታ ትምህርት ሰባተኛን ጨርሳለች። ስምንተኛ ልትገባ ስትል የማታው ትምህርት ተማሪ ጠፋ ተብሎ ተዘጋ። እንግዲህ የስምንተኛን ፈተና በግል ተፈትና ካላለፈች ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ ክፍሏም ይሄዳል፤ ክፍሏ የተሰጠቻት በሥራዋ ነውና።

ርዕሰ መምህሩ፣ ልጄ የሚሆን ወጣት፣ ቢሮው አስጠራኝ።

"በግል አስመዝግበናታል፤ ሌላውን ትምህርት ሌሎቹ ይረዷታል" አለኝ። "ሒሳቡን እርስዎ ይያዙላት።"

"ሌላ የሒሳብ መምህር ቢይዝላትስ?" አልኩት።

"ሌላውም የሒሳብ መምህር እርስዎ ነዎት" አለ።

እውነቱን ነው። ሌላኛው ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የእሱን ክፍለ ጊዜዎችም የማስተምረው እኔ ነበርኩ። የቀረኝ ባዶ ሰዓት የምሳዬ ሰዓት ብቻ ነው። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል፣ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ እስኪገባ። እሱን ሰጠኋት። ደስ ብሎኝ ሰጠኋት ብል ውሸት ነው።

የምንማረው የትምህርት መርጃ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከጭቃ የተሠራ፣ አፍሪካ የተላጠችበት ሉል፣ አንድ እግሩ የወለቀ ኮምፓስ፣ የተጠቀለለ የካርታ ክምር፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሁለታችን። እሷ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ትደርስና የእኔን ወንበር ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ለጉልበቴ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ቆሎ ከኪሴ እያወጣሁ እየቆረጠምኩ አስተምራለሁ።

ተማሪነቷ የሚያስቸግር አልነበረም። ክፍልፋይ ይገባታል፤ ዳቦ ቆርሳ የምታድል ሴት ክፍልፋይ እንዴት ይጠፋታል? መቶኛም ገባት። የጎነ ሦስት ስፋት ላይ ትንሽ ተንገዳግዳ ቆመች። የፈንክሽን ሠንጠረዥ ላይ ስንደርስ ግን ነገር መጣ።

መጽሐፉ ፈንክሽንን የሚያስረዳው በሥዕል ነው። ከላይ አፍ፣ ከታች ቧንቧ ያለው ሣጥን ተስሏል። ከላይ አንድ ቁጥር ይገባል፤ ሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይደረግበታል፤ ከታች ሌላ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። የሚገባው ግብዓት፣ የሚወጣው ውጤት፣ ሣጥኑ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ደንብ ይባላል። ሠንጠረዡ የገባውንና የወጣውን ጎን ለጎን ጽፎ፣ አንዳንዱን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ተማሪው ደንቡን ደርሶበት ባዶውን ይሞላል። ለሃያ ስምንት ዓመት ያልኩትን ለእሷም አልኳት።

"ሣጥኑን ወፍጮ በይው" አልኳት።

ሥዕሉን አየችው። "ወፍጮማ ያጎድላል መምህር። አሥር ኪሎ አስገብቼ አሥር ኪሎ ወጥቶልኝ አያውቅም።"

"ይህኛው አያጎድልም። የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው።"

"እንዲያ ያለ ወፍጮ የት አለ? እኛም ሰፈር ይምጣልን።"

ሳቅኩ፤ ያን ቀን ገና መሳቅ እችል ነበር። ወፍጮውን ትቼ በግ አመጣሁ። አንድ በግ ስንት እግር አለው? አራት። ሁለት በግ? ስምንት። አምስት? ሃያ። ደንቡስ? "በአራት ማባዛት" አለች። በረቱ ባዶ ቢሆንስ? "በግ ከሌለ ምን እግር አለ? ዜሮ" አለች። አላንገራገረችም። ገባት ብዬ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ።

ወር ሲቀረን የመለማመጃ ፈተና አወጣሁላት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ደግ ልሁን ያልኩት። ጥያቄው ከምታውቀው ነገር ይሁን ብዬ አሰብኩ። በአጥቢያዋ የሰንበቴ ማኅበር ውስጥ በዳቦ ጋገራ የሚያክላት የለም፤ የማንም ተራ ቢሆን ጋግሪልን ተብላ የምትጠራው እሷ ናት። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ለሰንበቴ ለአንድ ገበታ ሦስት ዳቦ ይቀርባል። የሚከተለውን ሠንጠረዥ ሙዪ።" ከግራ የገበታ ብዛት፦ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አሥር። ከቀኝ የዳቦ ብዛት፣ ባዶ። ከሁሉ የሚቀለው ጥያቄ ይህ ነበር። ነጥብ ላድላት ብዬ ነው ያስገባሁት።

ወረቀቱን ያረምኩት በማግሥቱ፣ በዚያው በምሳ ሰዓት፣ እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው። ጠዋት አምስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬያለሁ። ከዝውውሩ ቢሮ ደግሞ "ዘንድሮም አልሆነም" የሚል ስልክ ተደውሎልኛል። ቆሎዬን ቤት ረስቻለሁ። ሠንጠረዡ ላይ ስደርስ እንዲህ አገኘሁ፦ ለዜሮ ገበታ አንድ፤ ለአንድ ገበታ አራት፤ ለሁለት ሰባት፤ ለአራት አሥራ ሦስት፤ ለአሥር ሠላሳ አንድ።

በቀይ እስክሪብቶ አምስቱንም ሰረዝኳቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ኤክስ፣ ወረቀቱ እስኪቧጨር ድረስ።

"ሁሉም?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ሁሉም። ለአንድ ገበታ ሦስት ነው የተባለው፤ አራት ከየት መጣ?"

"ሦስቱ የገበታው ናቸው። አንዷ የደጅ ናት።"

"የምን ደጅ?"

እንደማላውቅ ስታይ ገረማት። እኛ አገር ሰንበቴ ቢኖርም እኔ በትምህርት ቤት ግቢ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በእነሱ አጥቢያ ለሰንበቴ ሲጋገር የማኅበርተኛው ዳቦ ተቆጥሮ ያበቃና፣ በላዩ አንድ ዳቦ ይጨመራል። ያቺ ወደ ገበታ አትገባም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጠ ነዳይ ወይም ለመንገደኛ ትወጣለች። ገበታው አንድም ይሁን አሥር፣ የደጇ አንድ ናት። እናቷም እንዲህ ነው የጋገረችው።

"ጥያቄው ላይ ደጅ የሚል ቃል አለ?" አልኳት።

"ሰንበቴ ይላል እኮ። ሰንበቴ ካለ ደጅም አለ።"

"እሺ፣ ዜሮ ገበታስ? ማንም አልመጣም። ማኅበርተኛው ሁሉ ቀርቷል። ለማን ነው የምትጋግሪው?"

"ማኅበርተኛ ቢቀር ደጅ የሚቀመጥ አይጠፋም፤ አንዷማ ትወጣለች" አለች።

እዚህ ላይ ያለውን ነገር ማንኛውም የሒሳብ አስተማሪ ማየት ነበረበት። አራት፣ ሰባት፣ አሥራ ሦስት፣ ሠላሳ አንድ። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። በሦስት አባዝታ አንድ ደምራለች፤ አምስቱንም መስመር ያለ ዝንፈት። ደንብ ማለት ይህ ነው። ሳላስተምራት፣ ከቤቷ ይዛው የመጣችው፣ ከማባዛቱ ከፍ ያለ ደንብ ነበር። ዜሮ ሲገባ እንኳ የሚተርፈውን ቁጥር ታውቀው ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚደናበሩበትን። "ይህ ሌላ ደንብ ነው፤ ይህም ትክክል ነው፤ ግን ጥያቄው የጠየቀው ያኛውን ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከዚያ ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አድርጌ ልዩነታቸውን ማሳየት። ሩብ ሰዓት ይበቃው ነበር።

ሩብ ሰዓት አልነበረኝም። ነበረኝ እንኳ፣ አልፈለግኩም። ርቦኛል፤ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፤ መቼም ከዚህ ብርድ እንደማልወጣ በዚያን ቀን ጠዋት ነው የተነገረኝ።

"ስሚ" አልኳት፣ "አንዷን ተያት። ከዛሬ ጀምሮ አንድ የምትባል ትርፍ እንዳትጨምሪ። ባዶ ከገባ ባዶ ይወጣል። በይ እስቲ።"

"ባዶ ከገባ ባዶ ይወጣል" አለች።

"ድገሚው።"

ደገመችው። ሦስት ጊዜ አስባልኳት፣ ልክ እንደ ፊደል ቆጣሪ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለበጉ እግር እውነት ነው፣ ለዚያች ሠንጠረዥ እውነት ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም። ነገ አቃናዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በነጋታው ወደ ግራፍ ገባን። በሚቀጥለው ሳምንት የድሮ ጥያቄዎች መከለስ ጀመርን። ነገ የተባለው ቀን አልመጣም፤ እኔም አልፈለግኩትም።

የፈተናው ቀን በሌላ ትምህርት ቤት ነበር የተቀመጠችው፤ በአውቶቡስ ሄዳ በማግሥቱ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ደወሉ ሲደወል ወጣሁ። ፊቷ ፈክቷል። እርሳሷን ገና አልጣለችውም፤ ጆሮዋ ላይ ሰክታዋለች።

"ሠንጠረዥ መጣ መምህር!" አለችኝ።

"ምን ዓይነት?"

በጣቷ ግድግዳው ላይ ሳለችልኝ። ከግራ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከቀኝ ደግሞ ዜሮው ፊት ባዶ፣ ከዚያ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። በባዶው ቦታ የሚገባው የትኛው ነው? ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ምርጫ አለው።

እሷ ጣቷን ከግድግዳው ላይ ሳታነሣ እኔ ጨርሼዋለሁ። በሁለት ማባዛት፣ አንድ መደመር። ለአንድ ገበታ ሁለት ዳቦ፣ ለደጅ አንድ። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ማንም ባይመጣ፣ አንድ።

"መጀመሪያ አንዷን ላከብባት እጄ ሄዶ ነበር" አለችኝ እየሳቀች። "የደጇ መሰለችኝ። ከዚያ የእርስዎ ቃል ትዝ አለኝ። ባዶ ከገባ ባዶ ይወጣል! ዜሮውን ከበብኩት።"

አየችኝ። ጎበዝ እንድላት እየጠበቀች ነበር።

"ጎበዝ" አልኳት።

ይህን ቃል አፌ ውስጥ ይዤው ቤት ገባሁ። እራት አልበላሁም። እውነቱን ብነግራት ምን ይጠቅማታል፣ ፈተናው አልፏል፣ አንድ ጥያቄ ምን ያመጣል፣ ሌላው ይክሰዋል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ደካማ ሰው ራሱን ሲያጽናና ምክንያት አያጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ እያልኩ ቆየሁ። ጉልበቴን ስትጠይቀኝ እንኳ ዓይኗን ማየት ትቼ ነበር።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ውጤት ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ቀድሞ አይቶት ወደ እኔ መጣ። በሩን ዘጋው።

"አላለፈችም" አለኝ። "በጣም የሚያናድደው ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው የጎደላት። አንድ ብቻ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። "ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል?" አልኩ፤ ምን ለማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም። እሱ ይግባኝ እንደማይኖረው ነገረኝ። ቢሆንም በማግሥቱ ወረዳ ድረስ ሄድኩ። ለአሥራ ሰባት ዓመት እንደሠራች፣ አንድ ጥያቄ ብቻ እንደጎደላት፣ ስህተቱም የአስተማሪዋ እንደሆነ ተናገርኩ። የሰው ኃይል ኃላፊው በትሕትና ሰማኝ። "መምህር፣ እኔ የማየው ወረቀቱን ነው" አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔስ የእሷን ወረቀት ሳርም ከዚህ የተለየ ምን አደረግኩ?

መስከረም ላይ ክፍሏን እንድትለቅ ተነገራት። ወንድሟ ራቤል አጠገብ ነው ያለው፤ እሱ ጋ ልትገባ ነው። ወንድሟ ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው። "እንግዲህ እፈትላለሁ" አለችን መምህራኑን ስትሰናበት። ጨብጠናት ወደየክፍላችን ገባን። የከተማው ሰው እንደዚህ ዓይነቱን ነገር ከለመደ ቆይቷል፤ እኔም ለምጄ ነበር።

አውቶቡሷ የሚነሣው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ጠዋት ቁልፎቹን ለማስረከብ መጣች። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ስለነበረበት ወደ እኔ ላካት። ወደ መርጃ ክፍሉ ገባን። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ሳታይ፣ እየጠራች አስረከበችኝ፦ ሰባተኛ ሀ፣ ሰባተኛ ለ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ግምጃ ቤት። ከጨረሰች በኋላ ወንበሬን ወደ ፀሐዩ ገፋችው። ልማድ ሆኖባት ነው። ያኔ አልቻልኩም።

"ተቀመጪ" አልኳት። "የምነግርሽ አለ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ያቺን የፈተናዋን ሠንጠረዥ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት። በሁለት እያባዛ አንድ የሚደምር ደንብ እንደሆነ፣ መልሱ አንድ እንደነበረ፣ መጀመሪያ እጇ የሄደበት እንደነበረ። ባዶ ከገባ ባዶ ይወጣል ያልኳት ስለደከመኝ እንደሆነ፣ ስነግራት ውሸት መሆኑን አውቅ እንደነበር፣ ጎበዝ ስላትም መሳሳቷን አውቅ እንደነበር። የጎደላት ያቺ አንድ ጥያቄ መሆኗን። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቤትሽን ያስለቀቅኩሽ እኔ ነኝ" አልኳት።

 ሠንጠረዡን መስመር በመስመር በጣቷ ተከተለችው። እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

"ታዲያ" አለች በመጨረሻ፣ "አንዷ ነበረች ማለት ነው?"

"ነበረች።"

"ማንም ባይመጣም?"

"ማንም ባይመጣም።"

"እኔ እኮ ማሰብ የማልችል መስሎኝ ነበር" አለች፤ እንባዋም ያኔ ነው የመጣው። "ክረምቱን ሙሉ። አንድ ጥያቄ አጥቼ፣ የትኛዋ ትሆን፣ የትኛዋን ነው ጭንቅላቴ እንቢ ያለችኝ እያልኩ።"

ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ፈታች። የመለማመጃ ፈተናው ወረቀት ነው፤ አራት ላይ ታጥፎ፣ እጥፉ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስታጠናበት ነበር የኖረችው። አምስቱ ቀይ ኤክሶቼ እንዳሉ ናቸው።

"ይህንንም ያርሙልኝ" አለችኝ።

አስተማሪ ነኝና ትንሽ አመነታሁ። ጥያቄው ለአንድ ገበታ ሦስት ነው የሚለው፤ እንደ ጥያቄው ከሆነ አምስቱም ስህተት ናቸው። ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ። መልሶቿን አልነካሁም። ወደ ላይ ሄጄ ጥያቄውን አረምኩት። "ለአንድ ገበታ ሦስት ዳቦ ይቀርባል" ከሚለው ቀጥሎ "ለደጅም አንድ ዳቦ ይወጣል" ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ከዜሮው ጀምሬ እስከ አሥሩ ድረስ፣ በእያንዳንዱ ኤክስ ጎን የራይት ምልክት አደረግኩ። ከሥር ፈረምኩበት።

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። በነበረበት አራት አጠፈችው፣ ቋጠረችው፣ ተነሣች። "ጉልበትዎን ይሸፋፍኑት፤ ዘንድሮ ብርዱ ይጠናል" አለችኝና ወጣች። የዝውውር ቅጹ በዚያው ሳምንት መጣ። አልሞላሁትም። የተማሪዎቹን ሠንጠረዥ አሁን ከዜሮው መስመር ነው የማስጀምራቸው፤ ክፍሉን ደግሞ ጠዋት ቀድሜ ደርሼ ራሴ እጠርገዋለሁ።